የክርስቲያን ጣሳ፣ የእስላም ጣሳ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሰመራ ውስጥ አዲስ ከተከፈተ ካፌ አንድ የወረቀት ኩባያ ይዛልኝ መጣች። ኩባያው ላይ «የጾም አይስክሬም» የሚል ተለጥፎበታል። ከምን ወተት ነው ብላት ከሶያ ነው አለችኝ፤ ከለውዝም፣ ከኮኮናትም የሚሠሩ አሉ ብላ ስልኳን አውጥታ ታሳየኝ ጀመር። የላም ወተት የሌለበት አይስክሬም በእሷ ቤት ትናንት የተገኘ ነገር ነው። ሁለት ማንኪያ ቀምሼ ተነሣሁና በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ያዝኩ። አልጣመሽም ወይ አለችኝ። ጥሞኛል። መቀመጥ ነው ያቃተኝ።

ልጅ እያለሁም መቀመጥ አይሆንልኝም ነበር። እናቴ «እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» እያለች ስትቆጣኝ ነው ያደግኩት። አዋሽ ሰባት ደግሞ ለእንደ እኔ ዓይነቷ ልጅ የምትመች ከተማ አልነበረችም። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ነገር አለው፤ ባቡር ይጠብቃል፣ ከአሰብ የሚመጣ መኪና ይጠብቃል፣ የቀበሌ ስኳር ይጠብቃል፣ ሲመሽ ደግሞ ትንሽ ነፋስ ይጠብቃል። እኔ መጠበቅ አልችልም። ባቡር ይመጣል በተባለ ቀን ሄጄ ጆሮዬን ሐዲዱ ላይ እለጥፋለሁ፤ ብረቱ ጆሮዬን ያቃጥለኛል፣ ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ።

ባቡሩን የምጠብቀው ለበረዶው ነበር። አባቴ ሰይድ በወጣትነቱ ከደሴ አካባቢ ወርዶ ከጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ቤቱን ከሌሎቹ ሻይ ቤቶች የሚለየው አንድ ዕቃ ነበር፤ አንድ ግሪካዊ ጎረቤታችን አገር ለቆ ሲሄድ የተወለት፣ በእጅ የሚዞር የአይስክሬም መሥሪያ። የእንጨት በርሜል ነው። መሐሉ ላይ ክዳን ያለው ረዘም ያለ ጣሳ ይገባል፤ በጣሳውና በበርሜሉ መካከል በረዶና ጨው ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ እጀታውን ማዞር ነው። ጨው አልቸገረንም፣ አፋር አገር ነን። በረዶው ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ ከድሬዳዋ በጆንያና በሰጋቱራ ተጠቅልሎ በባቡር ይመጣል። ባቡሩ የዘገየ ዕለት የሚደርሰን እርጥብ ሰጋቱራ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። በሻይ ቤታችን ጓሮ የሚያልፉት ከብቶች መጀመሪያ ከሱ፣ ቀጥሎ ላሞቹ ነጠፉ፣ ቆይቶም ጨርሶ መታየታቸው ቀረ። የላም ወተት ከአዋሽ ጠፋ። ሌላው ሰው ቢሆን የአይስክሬሙን በርሜል ገልብጦ በርጩማ ያደርገው ነበር። አባቴ ግን ግትር ነው። ከቀበሌው ሱቅ ያገኘውን የዱቄት ወተት በጥብጦ አዞረው፤ ይጓጉላል፣ ጠመኔ ጠመኔም ይላል። የፍየል ወተት ሞከረ፤ እሱስ ደኅና ነበር፣ ግን ፍየሏ የዋለችበትን ቁጥቋጦ ሁሉ አብሮ ያቀምሳል። ለክርስቲያን ደንበኞቹ ለረቡዕና ለዓርብ ይሆናል ብሎ ደግሞ ሱፍ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ነጩን ውኃ አጥልሎ አቀዘቀዘው። የጣቢያው ሠራተኞች አንድ አንድ ማንኪያ ቀመሱና እንጀራ አምጣልን፣ እንፈትፍትበት ብለው ሳቁበት። አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፎ ከረመ።

ያን ጊዜ ነው የካዲጋ ወተት የመጣው። ካዲጋ ከከተማው ወጣ ብለው ከሰፈሩት አፋሮች አንዷ ናት፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ የምትሸፍን ሴት። ላሙ ሁሉ ሲያልቅ የእነሱ ግመሎች ይታለቡ ነበር። በጭስ ታጥኖ በጠቆረ የወተት ዕቃ የግመል ወተት ታመጣልናለች። አባቴ ሽጪልኝ ሲላት ተቀየመች፤ በእሷ ዘንድ ወተት ለእንግዳ የሚሰጥ እንጂ ለገበያ የሚወጣ ነገር አይደለም። ስለዚህ እሷ ወተቱን «ስጦታ ነው» ብላ ታስቀምጣለች፣ አባቴም ስኳርና ሻይ ቅጠል ቋጥሮ «ስጦታ ነው» ብሎ ያስይዛታል፤ ሁለቱም በደንብ ተግባብተዋል። አባቴ ወተቱን አፍልቶ፣ እንዲወፍርለት ጥቂት የበቆሎ ዱቄት አማስሎበት፣ ስኳርና ቫኒላ ጨምሮ አዞረው። ክዳኑን ሲከፍት ቀመሰ፣ «አላሁ አክበር!» አለ፣ ማንኪያውን ለእኔ ሰጠኝ። ቀለል ይላል፤ ከስኳሩ ኋላ ትንሽ ጨው ጨው ይላል፤ ከጨው ኋላ ደግሞ የዚያ የታጠነ ዕቃ ጭስ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ አይስክሬም ቀምሻለሁ፤ ያንን የሚያክል ግን አላገኘሁም።

ችግሩ ከደንበኞቻችን ግማሾቹ ክርስቲያኖች መሆናቸው ነው። መምህራኑ፣ የጣቢያው ጸሐፊዎች፣ የጤና ጣቢያው ሰዎች አብዛኞቹ ከደጋ የመጡ ናቸው። በዚያ ዘመን ለክርስቲያን የግመል ወተት መቅመስ ማለት እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አልነበረም፤ ሃይማኖት እንደ መልቀቅ ነው። አባቴ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሌላ ጣሳ በአንጥረኛ አሠርቶ ሁለት አደረጋቸው። በዱቄት ወተት የሚሠራው ጣሳ እጀታው ላይ ነጭ ክር፣ የግመሉ ደግሞ አረንጓዴ ክር ታሰረበት። ማንኪያቸው የተለየ ነው፣ የሚታጠቡበት ሳፋ እንኳ የተለየ ነው። እንደ ሥጋ ቤቱ ሁሉ አንደኛውን የክርስቲያን ጣሳ፣ ሌላውን የእስላም ጣሳ እንላቸው ነበር፤ ያኔ እንዲያ ነበር የሚባለው። እኛ ልጆች እንስቅበታለን፤ አባቴ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

ትዕግሥት የክርስቲያን ጣሳ ልጅ ነበረች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። አባቷ የጣቢያው ጸሐፊ ናቸው፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። እናቷ እትዬ አስካለ ግን ከሩቅ ይሰማሉ። ጾም የማያስገድፉ፣ ልጃቸውን ከሰው ቤት ውኃ እንኳ የማያስቀምሱ ሴት ነበሩ፤ የእኛን ቤት ሲቀር። አባቴ ሁለቱን ጣሳ የለየ ሰሞን ራሳቸው መጥተው ክሮቹን አዩ፣ ማንኪያዎቹን አገላብጠው አሸተቱ፣ በመጨረሻ «እንግዲህ ጋሽ ሰይድ፣ ልጄ በእርስዎ እጅ ናት» ብለው ሄዱ። አባቴ ይህን ቃል ለእንግዳ ሁሉ ያወራው ነበር። እኔም ኩራት ይሰማኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በቅበላ እሑድ ነው። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል። ትዕግሥት እስከዚያ ዓመት ድረስ የምትጾመው የልጅ ጾም ነበር፤ ያኔ ግን ሁዳዴን እንደ ትልቅ ሰው ልትጾም ለእናቷ ቃል ገብታለች። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ሃምሳ አምስት ቀን ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ አይስክሬም የለ። ስለዚህ የእሑዱን አይስክሬም ኩባያዋን ሞልቼ፣ ከላይ ከምሬ እንድሰጣት አስምላኛለች።

አባቴ ሁለቱንም ጣሳ በማለዳ አዙሮ ጨረሰ። ነጩን ክር በርሜሉ ውስጥ፣ አረንጓዴውን ትልቅ ባልዲ ውስጥ በበረዶና በጨው ከቦ አስቀመጣቸው። እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ መቅረት የማይታሰብ ነው። ኮፍያውን አድርጎ ሲወጣ፣ እስክመለስ ማንም ክዳን እንዳይነካ አለ። እማዬ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። እኔ ከበርሜሉ አጠገብ ቀረሁ።

ክዳን አትንኪ ተብላ የምትቀመጥ ልጅ አልነበርኩም። ጠንክሮ እንደሆነ ለማየት የነጩን ክር ጣሳ ከፈትኩ። ዘጋሁ። ትዕግሥት መጣች ወይ ብዬ በር ድረስ ሄጄ አየሁ፣ የለችም፤ ተመልሼ ደግሞ ከፈትኩ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግኩ አላውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ ስዘጋው ግን ክዳኑ በደንብ አልገጠመም ኖሯል። ትዕግሥት ከቤተ ክርስቲያን እንደ ወጣች ነጭ ቀሚሷን ሳትቀይር፣ የቤታቸውን ኩባያ ይዛ እየሮጠች ስትገባ ከፍቼ ባየው ላዩ ውኃ አቅርሯል። በጣቴ ቀመስኩት። የቀለጠው በረዶ ከነጨው ገብቶበት ምላሴን አቃጠለኝ።

ብዙ አላሰብኩም። ብዙ አስቤ ቢሆን ኖሮ ራሴን ይቅር ለማለት ይከብደኝ ነበር፤ አሁንም እንደሆነ አልቀለለኝም። የፈራሁት ክዳን መክፈቴ እንዳይታወቅብኝ ነው፤ ያሳዘነኝ ደግሞ ትዕግሥት ባዶ ኩባያ ይዛ ጾም መግባቷ ነው። ኩባያዋን ተቀብዬ፣ ጀርባዬን አዙሬ፣ ከአረንጓዴው ክር ጣሳ ሞላሁላት። በነጩ ማንኪያ ጨለፍኩት፣ እሱም ሌላ ጥፋት ነው።

የመጀመሪያውን ስትቀምስ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዘሀራ፣ ዛሬ ምን አደረጋችሁበት?»

«አባዬ ቫኒላውን አበዛበት» አልኳት።

ኩባያውን በጣቷ ጠራርጋ ጨረሰችውና «አሁን ጾሙን እችለዋለሁ» ብላኝ ሄደች። አባቴ ከስብሰባ ሲመለስ የነጩን ክር ጣሳ ከፍቶ ተበሳጨ፤ በረዶው አለቅጥ ቀልጦ የገባ መስሎት ጓሮ ወስዶ ደፋው። ለሰው ሰጥተሽ ነበር ወይ አለኝ። አልሰጠሁም አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ቆሜ የዋልኩባቸው ቀናት ናቸው። ሰኞ ትዕግሥት ምሳ ሰዓት ላይ ደረቅ ከንፈሯን እየላሰች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም አለችኝ። ልነግራት ዞር እልና ሌላ ነገር አወራለሁ። ማክሰኞ መምህሩ ወንበርሽ ላይ አርፈሽ ካልተቀመጥሽ ብለው ግድግዳ ሥር አቆሙኝ፤ ቆሜ መዋሉ ተሻለኝ። ረቡዕ ትዕግሥትን ብርድ ብርድ አላት። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ቀረች። በአዋሽ ሰባት ብርድ ብርድ ያለው ሰው ምን እንደያዘው ጨቅላ እንኳ ያውቃል፤ ወባ ነው። ጤና ጣቢያም ወስደዋት ክኒን ተሰጥቷታል። እኔ ግን ወባ አልመሰለኝም። የሰጠኋት ነገር ከውስጥ እያነደዳት መሰለኝ። ከአጥራቸው ሥር ሄጄ ስታቃስት እሰማለሁ፣ ሮጬ ቤት እመጣለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። እማዬ ግንባሬን ዳሰሰችና አንቺንም ሊጀምርሽ ነው አለችኝ።

ዓርብ አባቴ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ በሩ ላይ ጠብቄ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ክዳኑን፣ ጨዉን፣ ማንኪያውን ሳይቀር። ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤያለሁ። አልመታኝም። የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አለና ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። አባቴ ሥራ ሳይይዝ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ሰው አምኖሽ አፉን ሲከፍት የማይበላውን አጎረስሽው» አለኝ። ቀጥሎም ተነሥቶ እጄን ያዘ። እንሂድና እንንገራቸው አለ።

ለመንኩት። እትዬ አስካለ ከእንግዲህ ትዕግሥትን አያሳዩኝም አልኩ፤ አለቀስኩ። አባቴም የሚሆነውን ያውቃል። እስላሙ ልጄን በስውር ሃይማኖቷን አስለቀቃት ብለው አንድ ቃል ከተናገሩ፣ ከጣቢያው ሰው ሻይ ቤታችንን የሚረግጥ አይኖርም፤ ወሬውም መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ሌላ ነገር ያስነሣል። ይህንን በልጅ አማርኛ አስረድቶኛል፣ ግን እየሄድን ነው ያስረዳኝ። የስምንት ሰዓት ፀሐይ ነው። ሐዲዱን ተሻግረን የጣቢያው ሠራተኞች ቤት ስንደርስ እጁን አጥብቄ ይዤው ስለ ነበር ላባችን የማን እንደሆነ አይለይም።

ትዕግሥት በረንዳ ላይ ሰሌን ተነጥፎላት ተኝታለች። እትዬ አስካለ አጠገቧ ተቀምጠው እርጥብ ጨርቅ ይጨምቃሉ። አባቴን ሲያዩ ወንበር ሊያመጡ ተነሡ። አባቴ አልቀመጥም አለ።

«አላህ ይማርልን» አለ፤ ከዚያም «እትዬ አስካለ፣ ልጅዎ ከቤቴ የግመል ወተት በልታለች። በቅበላው ዕለት ነው። በአደራ የሰጡኝን አልጠበቅኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የሚጨምቁት ጨርቅ እጃቸው ላይ ቀረ። ውኃው ቀሚሳቸው ላይ ሲንጠባጠብ አስታውሳለሁ። አባቴን አላዩትም፣ እኔን ነው ያዩኝ።

«አውቃ ነው ሳታውቅ?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ከእሱ ቀድሞ ግን ከሰሌኑ ላይ ድምፅ መጣ።

«አውቄ ነው። እኔ ነኝ የለመንኳት።»

ትዕግሥት ክርኗን ተደግፋ ቀና ብላለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እናቷን ነው የምታየው፣ እኔን አንድ ጊዜም አላየችኝም። ውሸቷን ነበር። ያን ደቂቃ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው፤ ምን እንደበላች፣ ጾሙን በምን እንደጀመረችው፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። ይህን ሁሉ ሰምታ፣ እናቷ የጠየቁት ጥያቄ በየት በኩል እንደሚሄድ ገብቷት፣ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆና መለሰች። እኔ ጤነኛዋ ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

እትዬ አስካለ ጨርቁን የትዕግሥት ግንባር ላይ አደረጉት። ቀጥሎ ለአባቴ ወንበር አመጡለት። «ያጠፋችው የእኔው ልጅ ከሆነች ለእርስዎ ምን እልዎታለሁ፣ ጋሽ ሰይድ? ደፍረው መጥተው ነገሩኝ እንጂ» አሉና ውኃ ቀዱለት። አባቴ ጠጣ። ወሬው ከዚያ በረንዳ አልወጣም። ሻይ ቤቱም ሰው አልጎደለበትም። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ መሐል መንገድ ላይ ቆመና እውነት ለምናሽ ነው ወይ አለኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩት። እጁን አናቴ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ።

ትዕግሥት ከወባው ተነሣች። የንስሐ አባቷ ግን በየቀኑ ስግደት አዘዙባት፤ በዚያ ፋሲካም ከእኩዮቿ ጋር እንዳትቆርብ ተከለከለች። አውቃ የበላች ናትና ቅጣቱ የሚያውቅ ሰው ቅጣት ነው። ጠዋት ጠዋት ጓሯቸው ውስጥ ስትሰግድ በአጥሩ ቀዳዳ አያታለሁ። በሽታው አመንምኗት ስለ ነበር ለመነሣት መሬቱን በእጇ ትደገፋለች። አንድ ቀን ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እኔም እንደ እኛ ሥርዓት ግንባሬን አፈር አስነካሁ፤ ትንሽ ቢቀንስላት ብዬ። አንድም የቀነሰላት የለም። እንደገና ዴስኩ ላይ አብረን ተቀመጥን፤ ስለዚያ ነገር እሷ አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም። ከፋሲካ በኋላ አባቷ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወሩ። የሸኘናቸው ቀን በባቡሩ መስኮት በኩል ልነግራት ሁለት ጊዜ ስሟን ጠራሁ። «ምን?» አለች። ደኅና ሁኚ አልኳት።

ሰመራ ያኔ ከተማ አልነበረችም፤ ዛሬ ልጄ አይስክሬም ትመርጥባታለች። ክርስቲያኑም የግመል ወተት ለስኳር በሽታ ደግ ነው እያለ በጠርሙስ ይገዛል፤ የማይፈልገው ደግሞ ሶያ አለለት፣ ማንም ጀርባውን አዙሮ አይቀዳለትም። ሁሉም ነገር ላዩ ላይ ተጽፏል። ይህ መልካም ነው፤ የድሮው ይሻል ነበር ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም። ልጄ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ «በአንድ ኩባያ አይስክሬም?» ብላ ሳቀች። ልፈርድባት አልችልም፤ በዚያ በረንዳ ላይ አልቆመችም። አባቴ እስኪሞት ድረስ እውነቱን አልነገርኩትም። ትዕግሥትን ብዙ ቦታ ጠይቄ አጣኋት።

እንግዲህ የቀረኝ ይህ ነው። እትዬ አስካለ፣ በሕይወት ካሉና ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ ልጅዎ አላወቀችም ነበር። አንድ ቀን እንኳ ለምናኝ አታውቅም።